ለዓይን የታሰረው ቀንድ

ዐረብ አገር ልሄድ ስል መካነ ሰላም ግቢያችን ውስጥ የተከልኩት ጥድ፣ ስመለስ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ «ዓይን በልቶት ነው እታለም። ገና ለጋ ሳለ የበሬ ቀንድ አስሬበት ነበር፤ ወላሂ አልመለሰለትም» አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ከቀንዱ በታች ያለው ቅርንጫፍ ለምለም ነው፤ የገረጣው ከቀንዱ በላይ ያለው ነው። ቀንዱ የታሰረበት ሽቦ ግንዱ ውስጥ ሰጥሟል። ደሜ ፈላ። «ዛፍ ይወፍራል አንተ፤ አንቆ የያዘው ያንተ ሽቦ ነው። ሂድ ፒንሳ አምጣ» ብዬ ጮህኩበት።

ሮጦ ሄዶ መጣ። በአንድ እጁ ፒንሳ፣ በሌላው አዲስ ሽቦና ከፊተኛው የሚበልጥ ቀንድ ይዟል። «ያኛው አንሶት ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። ፒንሳውን ተቀብዬ መጀመሪያ የቆራረጥኩት አዲሱን ሽቦ ነው።