«ሌባ ነው» ያለው ማን ነው?

ልብስ ሰፊው ክር ሊገዛ ወጥቶ፣ በመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ከባለቤቲቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ሴትየዋ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ናት፤ የምታውቀውም ብልቃጥ ላይ የሚጻፈውን ያህል ነው። «የወንድምዎ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሯን እዚህ ረስታ ሄደች» አለችና ገልጣ እየተረጎመች አነበበችለት፦ ይህ ልብስ ሰፊ ሌባ ነው፤ ከሦስት ሜትር ጨርቄ ግማሹን አስቀርቷል።

ሰውየው ክሩንም ረሳ፣ መንገዱም ጠፋበት። ብጣሽ ጨርቅ እንኳ ሳያስቀር ለባለቤቱ ሲመልስ የኖረ ሰው! ያውም ባሳደጋት የወንድሙ ልጅ አፍ!

ደብተሩን ይዞ ሱቁ ሲመለስ፣ ልጅቷን የደንበኛ ሱሪ ስትተኩስ አገኛት።

«ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት የለም። ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ!»

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ሌባ ብለሽ ጻፍሽኛ!»

ደብተሩን አየችና ካውያውን አቆመች። «እኔ አላልኩም። ያለችው ደንበኛዋ ናት።»

«የትኛዋ ደንበኛ?»

«የለችም። ለክፍል ሥራ የፈጠርኳት ገጸ ባሕርይ ናት።»

«የለችም፣ ግን ሌባ አለችኝ?» ራሱን ያዘ። «የሌለች ሴት የት ሄጄ ልክሰስ?»

«እርስዎን አይደለም፤ በታሪኩ ያለውን ልብስ ሰፊ ነው።»

«እሱስ አለ?»

«እሱም የለም።»

ሁለት የሌሉ ሰዎች ተጣልተው አንድ ያለ ሰው ተሰደበ፤ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

«ጋሼ፣ ትናንት ወፍራሙ ነጋዴ ሲወጣ ጉንጭዎን ነፍተው ‹ወገቤ አልጨመረም፣ ሜትርህ ነው ያጠረው› ሲሉ ነበር። የጨመረው የእርስዎ ወገብ ነው?»

«ምን ነካሽ! የሱን አፍ ነዋ! ጉንጬን ስነፋ እያየሽ!»

«ወረቀት ጉንጭ የለውም፤ ስለዚህ ይህ ይደረግለታል።» እሱ ልክ የሚያሰምርበትን ጠመኔ አንሥታ በደብተሩ ከዓረፍተ ነገሩ ፊትና ኋላ ያሉትን ምልክቶች፣ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ጥቁር ጨርቅ ላይ አጉልታ ሣለችለት። «ትእምርተ ጥቅስ ይባላል። ከዚህ እስከዚህ ያለው የሷ አፍ ነው፤ የኔ አይደለም።»

የጠመኔ ነገር ሲሆን ሰውየው ገባው። ዕድሜውን ሙሉ የእጅጌን ልክ ከወገብ የለየው በሱ ነው።

«መጨረሻውስ?»

«ጨርቁ ከራሷ ቁም ሣጥን ተገኘ። ልብስ ሰፊውን ይቅርታ ጠየቀች። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ግን ቀጣዩን ገጽ አልገለጠችም።»

የሰውን ቃል ከነባለቤቱ መለየት የተማረ፣ ሰውን ባልተናገረው አይወቅስም፤ ባልሰማው አይፈርድም። ትምህርት ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ልብስ ሰፊው ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለሰና በባንኮኒው ላይ ሁለቱን ምልክት አሰመረ። «እመቤቴ፣ ንባብዎስ ደግ ነበር፤ ጠርዙን ግን ቆርጠው ጣሉት።»

ሲመለስ ልጅቷን «ነገ እንዳታረፍጂ» አላት። የረሳውን ክር ሊገዛ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር አለ። «ያቺ የሌለችው ሴት... ይቅር ብያታለሁ በያት።»