ደንበኛ ካልሆነ ሰው የሚቆረጥ

የምስክር ቃል

ቃል ሰጪ፦ ወይዘሮ ድንቅነሽ ኤርሳዶ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የስፓዛ (የሰፈር ሸቀጥ) ሱቅ ነጋዴ
አድራሻ፦ ቀድሞ ካትሌሆንግ፤ አሁን ዮቪል፣ በባለቤቷ ወንድም ቤት
የግል ተበዳይ፦ ወይዘሮ ኖምሳ ንኮሲ፣ ዕድሜ 76
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ጆሃንስበርግ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ማክሰኞ ሜይ 21 ቀን 2019
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ሞሎይ
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ፀሎት ተፈሪ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ቃል ሰጪ፣ አርብ ሜይ 3 ቀን 2019 ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ወይዘሮ ኖምሳ ንኮሲ ወድቀው ስለተሰበሩበት ሁኔታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የግል ተበዳይዋን የማውቃቸው ከባለቤቴ ከማናሴ ሄራሞ ጋር ካትሌሆንግ ውስጥ በግቢያቸው ሱቅ ተከራይተን ስንሠራ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ይላቸዋል፤ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። በኤፕሪል መጨረሻ ባለቤቴ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ልቡ ቆሞ ወደቀ። ቀድመው የደረሱት ጎጎ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው አምቡላንስ እስኪመጣ ደረቱን ሲጫኑ ቆዩ። አልተረፈም። አስከሬኑን ወደ ሆሳዕና ለመላክ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሲያዋጡ ጎጎም ማንም ሳይጠይቃቸው በስሜ ቼክ ጽፈው ሰጡኝ። ቼክ የጻፉት ጥሬ ገንዘብ ይዘው በታክሲ መሳፈር ስለሚፈሩ ነው። ስጦታ ነው። ብድር አይደለም፤ የኪራይ ሒሳብም አይደለም። ይህን ደግሜ የምናገረው ባንኩ ውስጥ ይህን ሊረዳ የቻለ ሰው ስላልነበረ ነው።

ቼኩ የሚመነዘረው ጎጎ በነርስነት ዘመናቸው ሒሳብ በከፈቱበት ቅርንጫፍ ስለሆነ በተጠቀሰው ቀን ጠዋት ወደ ከተማ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ቼኩንና የጥገኝነት ወረቀቴን ለገንዘብ ከፋይዋ ሰጠኋት። ወረቀቴ ያን ቀን የጸና ነበር። ወረቀቱን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣቷ ይዛ አገላበጠችውና የባንኩ ደንበኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። አይደለሁም አልኩ። ደንበኛ ላልሆነ ሰው ቼክ ሲመነዘር ባንኩ ክፍያ ይቆርጣል አለችኝ። ምን ሠርቶ እንደሚቆርጥ ጠየቅኋት። ገንዘቡ የጎጎ ነው፤ ስላስቀመጡበትም ባንኩ በየወሩ ከጡረታቸው ይቆርጥባቸዋል። መመሪያ ነው አለችኝ። እንግዲያው ደንበኛ አድርጉኝ አልኳት። በጥገኝነት ወረቀት ሒሳብ አይከፈትም አለችኝ። እኔ በዚህ አገር ስኖር ሱቃችን ብዙ ጊዜ ተዘርፏል፤ ሌባ አላጣሁም። በሩን ዘግቶብኝ ሲያበቃ ውጭ በመቆምሽ ክፈይ ያለኝ ግን ይህ ባንክ ብቻ ነው። ሌቦቹ ቢያንስ መመሪያ አላሉም። ሆኖም ባለቤቴ በአስከሬን ማቆያ ቤት ስለነበረ ለክርክር ጊዜ አልነበረኝም። የምትቆርጡትን ቁረጡና ስጡኝ አልኳት።

ገንዘብ ከፋይዋ ቼኩን ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፏል፤ እኔ ለማንበብ አልደከምኩም፤ ካስፈለገ ባንኩ ይንገራችሁ። ጠርቶኝ አንዲት ጡረተኛ አሮጊት ለእኔ ይህን ያህል ገንዘብ በምን ምክንያት እንደምትሰጥ ጠየቀኝ። ባሌ ሞቶ ነው አልኩት። የሞት ማስረጃውን በስልኬ አሳየሁት። ስልኩን ሳይነካ አንገቱን አስግጎ አየና እንዲህ ያለ ወረቀት በየመንገዱ ይሠራል አለ። ቼኩን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ለጎጎ እንዲደውል ጠየቅሁት። መዝገባችን ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም አለ። በራሴ ስልክ ላገናኘው ስል ከወዲያ የሚያወራው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ ለጎጎ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። እመጣለሁ፣ ከዚያ እንዳትነቃነቂ አሉኝ። ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ወንበሩ ለደንበኞች ነው ተብዬ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኋቸው።

ጎጎ ሁለት ታክሲ ቀይረው ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሱ። ሥራ አስኪያጁ እሳቸውን ሲያይ ሌላ ሰው ሆነ። ከወንበሩ ተነሣ፤ ድምፁን አለዘበ፤ ክንዳቸውን ደግፎ ወደ መስታወት ክፍሉ አስገባቸው። በሩ ክፍት ስለነበረ የተባባሉትን ሰምቻለሁ። የተነጋገሩት በዙሉ ነው። እኔ ዙሉ የተማርኩት ዳቦ ስሸጥ ነው፤ እሱ ይህን የጠረጠረ አይመስለኝም። ይህች የውጭ አገር ሴት አስፈራርታዎት እንደሆነ ይንገሩኝ፣ እዚህ ማንም አይነካዎትም አላቸው።

ጎጎ እንዲህ አሉት፦ «ባሏ የሞተው እጄ ላይ ነው። አንተ ማን ሆነህ ነው ለማን እንደማዝን የምትነግረኝ?»

እሱም በአሁኑ ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች አረጋውያንን እያታለሉ መሆናቸውን፣ ለእሳቸው ደኅንነት ሲባልም ሒሳባቸው ለጊዜው መታገዱን ነገራቸው። የገዛ ገንዘባቸውን ከእሳቸው ከለከለና ይህን ደኅንነት ብሎ ጠራው። ጎጎ እንግዲያው ቼኬን መልስ አሉት። አይቻልም ሲላቸው ወደ መሳቢያው እጃቸውን ዘረጉ። እሱ የጥበቃ ሠራተኛውን ጠራ።

የጥበቃ ሠራተኛው ወደ መስታወት ክፍሉ አልሄደም። የመጣው ከግድግዳው አጠገብ ወደቆምኩት ወደ እኔ ነው። ክንዴን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ወደ በሩ ገፋኝ። አልታገልኩም። ጎጎ ከክፍሉ ወጥተው ከኋላ ደረሱብንና እጅጌውን ይዘው ልቀቃት አሉት። ዞር ብሎ በክርኑ ደረታቸው ላይ መታቸው። በሩ አጠገብ ባለው ደረጃ ላይ በጎናቸው ወደቁ። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ።

ባንኩ እኔ ጎትቼ እንደጣልኳቸው መናገሩ ተገልጾልኝ በተለይ ስለዚሁ ተጠይቄያለሁ። አልነካኋቸውም። ሲወድቁ እጄ በጥበቃ ሠራተኛው እጅ ነበረ። ከራሳችን በላይ ካሜራ አለ። ያን ቀን ተበላሽቶ ነበር ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ከሰው ገንዘብ የሚቆርጠው ማሽናቸው ግን አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ጎጎ መሬት ላይ ሆነው በደንብ ይናገሩ ነበር። ዳሌዬ ነው፣ እንዳታነሡኝ፣ አንድ ነገር አልብሱኝ አሉ። ነርስ ስለሆኑ የሚሉትን ያውቃሉ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ቁልቁል አያቸውና ለጥበቃ ሠራተኛው «ደንበኞች እያዩ ነው፤ ከበሩ ላይ አንሣልኝ» አለው። እሳቸው ራሳቸው የባንኩ ደንበኛ ነበሩ። የጥበቃ ሠራተኛው በብብታቸው ሊያነሣቸው ሲያጎነብስ ሰልፍ ላይ የነበሩት ሰዎች ተራቸውን ትተው መጡ። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጎጎን ከበው ቆሙና ማንንም አላስጠጋ አሉ። አንዱ ጃኬቱን አለበሳቸው፤ አንዲት ሴት አምቡላንስ ጠራች። እኔ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ከባንኩ ሠራተኞች አንድም ሰው አንድ ብርጭቆ ውኃ አላመጣም።

ጎጎ ዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው እስከ ዛሬ ሆስፒታል ናቸው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም ብለዋል። ልጅ የላቸውም።

የባለቤቴን አስከሬን መላኪያ የቀረውን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሞልተውት ጎጎ በወደቁ በሳምንቱ ወደ አገር ሄዷል። ይዞት የሄደው ሽጉጤ የሚባለው ወንድሙ ነው። እኔም አብሬ እንድሄድ ቲኬት ተገዝቶልኝ ነበር። አልሄድኩም። በጥገኝነት ወረቀት ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም፤ እኔ ከሌለሁ ደግሞ ባንኩ ያለው እውነት ሆኖ ይቀራል። ሽጉጤም፣ ሚስት ባሏን ሳትቀብር ትቀራለች ወይ ብሎ ተቆጣኝ። የመለስኩለት ይህን ነው፦ «ማናሴን የሚቀብር አገር ሙሉ ሰው አለ። ለጎጎ ያለሁት እኔ ነኝ።» ባሌ ሲቀበር የሆነውን በስልክ ነው የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነኝ ያለች ሴት ደውላልኝ ነበር። በጣም በትሕትና ነው የተናገረችው። አሮጊቷ ራሳቸው ተንሸራተው መውደቃቸውን ከፈረምኩ ቼኩ ያለ ምንም ክፍያ እንደሚመነዘርልኝ ነገረችኝ። ያለ ክፍያ የምትለውን ውለታ እንደዋለ ሰው ረገጥ አድርጋ ነው ያለችው። አልፈርምም ስላት የጥገኝነት ወረቀቴ መቼ እንደሚያበቃ ባንኩ እንደሚያውቅ፣ በእንደዚህ ያለ ወረቀት ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ላይመለስ እንደሚችል ነገረችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ሳጅን ሞሎይ ስለ ወረቀቴ ጠይቀውኛል። እውነት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ጊዜው አልፏል። ማደሻው ፕሪቶሪያ ነው፤ የቀጠሮዬ ቀን ጎጎ ቀዶ ጥገና የገቡበት ቀን ሆነና ሆስፒታል ዋልኩ። ይህን ሳልጠየቅም እናገረው ነበር። ልታሰር እንደምችል አውቄ፣ ቅያሪ ልብስና መጽሐፍ ቅዱሴን በቦርሳ ይዤ ነው የመጣሁት። ቦርሳው እግሬ ሥር ነው። የምለምነው አንድ ነገር፣ ወደ ፈለጋችሁበት ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን ቃል ጽፋችሁ እንድትጨርሱ ነው።

ቃሌ በአማርኛ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩት የለም፤ ፈርቼ የተውኩትም የለም። ፍርድ ቤት ብጠራ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ድንቅነሽ ኤርሳዶ
የአስተርጓሚና ጸሐፊ ፊርማ፦ ፀሎት ተፈሪ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ሞሎይ

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ቃሏን ሰጥታ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ይዛ በመጣችበት በር ወጥታለች።