የፎቶ ቤቱ መብራትና የሰማዩ ፎቶ

ጋሽ አጥራው የፎቶ ቤታቸውን በር ቆልፈው ዞር ሲሉ የእህታቸውን ልጅ ደረጃው ላይ አገኟት። ብርድ ልብስ በብብቷ ሸጉጣለች፣ አንገቷ ላይ ባይኖክላር ተንጠልጥሏል፣ በእጇ ደግሞ አፉ ላይ ቀይ ላስቲክ የታሰረበት የእጅ ባትሪ ይዛለች። የምትወጣው ወደ ላይ፣ ወደ ሕንጻው ጣራ ነው።

"ቤትሽ ወዲያ ማዶ፣ መንገድሽ ወደ ሰማይ። ምን ነካሽ ልጄ?" አሏት።

"ደህና አመሹ ጋሼ። ኮከብ ለማየት ነው።"

አጥራው ትክክለኛ ስማቸው አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ ላይ አፍጥጠው ቡግር ሲያነሱ፣ ጠባሳ ሲደልዙ፣ አቧራ ሲለቅሙ "አጥራው፣ አጥራው" እያሉ ከራሳቸው ጋር ስለሚያወሩ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። ሪታች በሚባለው ፎቶ የማጥራት ሥራ የሚስተካከላቸው የለም። እንዲያውም አንድ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሾፌር ለመንጃ ፈቃድ እሳቸው ዘንድ ፎቶ ተነስቶ፣ ጠባሳው ድራሹ ስለጠፋ "ይሄ አንተ አይደለህም" ተብሎ ተመልሷል። እሳቸው ግን ይሄንን እንደ ሙገሳ ነው የሚያወሩት።

"ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ የሆንሽው? ሳይንስ አስተማሪ ነሽ ብዬ ነበር የማወራልሽ።"

"ኮከብ ቆጣሪ የሰው ዕድል ነው የሚናገረው። እኔ የማንንም ዕድል አላውቅም፣ የራሴንም ጨምሮ። ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። ደግሞ ካየሁት ፎቶ ላነሳው።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ።"

"ወተቷንማ አሳይዎታለሁ" አለች ሳቅ ብላ። "ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው ምን ሆነና? የወተት መንገድ ነው። እኛ የምንኖርበት የኮከብ መንደር እኮ ነው።"

ጋሽ አጥራው ነገር ሲረታቸው የኮታቸውን ቁልፍ መነካካት ይወዳሉ። አሁንም ነካኩ። መምህሯም አጋጣሚውን አላባከነችም፣ ብርድ ልብሱን ደረጃው ላይ አስቀምጣ የልቧን ነገረቻቸው። ተማሪዎቿ ስለ ሰማይ የሚያውቁት መጽሐፍ ላይ ከተሳለ ክብ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ቀና ብለው የሚያዩበት ክበብ ልታቋቁም አስባለች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ግን ጠርጣራ ሰው ናቸው። "ያለ ውድ ዕቃ የተነሳ አንድ ፎቶ እስከ ሐሙስ አምጪና ልመን። ካልሆነ ሰዓቱን ለመረብ ኳስ እሰጠዋለሁ" ብለዋታል።

"እና ታዲያ አንሺያ። ማን ከለከለሽ?"

መምህሯ ቀና ብላ ወደ ጣራው አየች። "እርስዎ ነዎት የከለከሉኝ ጋሼ።"

"እኔ?"

"የእርስዎ መብራት።"

ይሄ መብራት ጣራው ጫፍ ላይ የቆመ፣ ሰው የሚያክሉ ፊደላት ያሉት "ፎቶ" የሚል ማስታወቂያ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪነጋ እንደበራ ነው። ነጭ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ነጭ። መንገደኛው "ከፎቶው ፊት ለፊት አውርደኝ" ይላል። የጋሽ አጥራው ክብር ማለት እሱ ነው።

"አንድ ሰዓት ብቻ ያጥፉልኝ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፣ እሱን መብራት አንዴ ካየ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው። ይቺን ባትሪ ቀይ ላስቲክ ያሰርኩባት እኮ ለዚህ ነው፣ ቀይ ብርሃን ዓይን አይረብሽም።"

"ስሚኝ የኔ ልጅ። መብራቱ የጠፋ ፎቶ ቤት ባለቤቱ የሞተ ፎቶ ቤት ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ እየተነሳ እንኳን ጠፍቶ በርቶም የሚገባ የለም። ደግሞስ በምን ልታዪ? ያ መድፍ የሚያክለው ቴሌስኮፕ የታለሽ?"

"ለጀማሪ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። መጀመሪያ በባዶ ዓይን ሰፈሩን መልመድ ነው፤ የትኛው የት እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚርገበገብና የትኛው ጸጥ ብሎ እንደሚያበራ። ኮከብ ይርገበገባል፣ ፕላኔት ብዙም አይርገበገብም። ከዚያ ባይኖክላር። ቴሌስኮፕ ቀድሞ የገዛ ሰው እኮ ወር ሳይሞላው ነው ቁም ሳጥን ላይ የሚሰቅለው፣ ምን እንደሚያይበት አያውቅማ።"

"ደህና ተናግረሻል። መብራቱ ግን አይጠፋም" አሉና ወረዱ።

ንግግሯ ጆሯቸው ገብቷል፣ ልባቸው ግን ፎቅ ላይ ከተሰቀለው ፊደል ሥር አልወረደም። ሰው ሲባል እንዲህ ነው፣ የለመደውን ነገር ከራሱ ጋር አንድ አድርጎ ይቆጥረዋል።

መምህሯም አላኮረፈችም። ጨረቃ የሌለችበት ሳምንት ነበርና እሁድ ማታ ከአንድ የሥራ ባልደረባዋ ጋር ከከተማ ወጣች። የእሱን ካሜራ ድንጋይ ላይ አስደግፋ አንድ ጥሩ ፎቶ አነሳች። ፎቶውን በፍላሽ ዲስክ ገልብጣ፣ የካሜራው ካርድ ላይ ያለውን አጥፍታ፣ ካሜራውን መለሰች። ማክሰኞ ጠዋት ፍላሹን ፎቶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "በትልቁ ይታተምልኝ ጋሼ፣ ነገ ማታ እወስደዋለሁ" ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ጋሽ አጥራው ባለፈው ስላስቀየሟት ክሰው ሊያስደስቷት ፈለጉ። ፎቶውን ከፈቱት። ከታች አንድ የደረቀ ዛፍ፣ ከላይ ሰማይ፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ በስመ አብ ነው፣ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። "ወይ የሰው ካሜራ! ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው?" አሉ። መነጽራቸውን አጠለቁ። ከቀትር እስከ ማምሻ፣ ምሳም ሳይበሉ፣ ነጥብ በነጥብ ለቀሙ። "አጥራው፣ አጥራው።" ዛፉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትልቋን ኮከብ አልነኳትም፣ ኮከብማ እሷ ናት። ሲጨርሱም እንደ ልማዳቸው ዋናው ላይ ደርበው ሴቭ አደረጉት። ሁለት ቅጂ አያስቀምጡም። "ቡግሩን ተመልሶ ማየት የሚፈልግ ሰው የለም" ይላሉ።

ረቡዕ ማታ መምህሯ መጣች። ጋሽ አጥራው ፎቶውን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ሙሽራ ልብስ አንጠልጥለው አሳዩዋት። አንድ ዛፍ፣ አንድ ኮከብ፣ የቀረው የጠራ ጥቁር።

መምህሯ ደንበኛ ለፎቶ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ኮከቦቹስ?"

"ይኸው፣ አለች አይደል። እሷን ትቻታለሁ። አቧራውን ነው ያነሳሁት።"

"አቧራ አልነበረም።"

"እንዴ፣ አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ? እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ ስልሳ ዓመቴ ነው። ሰማይ ላይ ከሃያ፣ ግፋ ቢል ከሠላሳ ኮከብ በላይ አይቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻላቸው ነበር። "መብራት ሥር ነው የኖሩት። ፍላሹ ላይ ዋናው አለ?"

ጋሽ አጥራው ወደ ኮታቸው ቁልፍ እጃቸውን ሰደዱ። ቁልፉ በእጃቸው ተበጥሶ ቀረ። ነገ ሐሙስ ነው።

ብዙም አልቆዩም። ከግድግዳው ላይ ትራይፖዱን አወረዱ፣ ከመስታወት ሳጥኑ ካሜራቸውንና ጉርድ ፎቶ የሚያነሱባትን ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ አወጡ፣ ከዚያ ከበሩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ጠቅ አደረጉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በበሩ መስታወት ላይ ሲመላለስ የነበረው ቀይና ነጭ ብርሃን ጠፋ።

"ነይ" አሉ። "ከዚህ በላይ አታናግሪኝ።"

ጣራው ላይ ብርድ ልብሱን አንጥፈው ተቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጋሽ አጥራው "ያው ሃያዎቹ ናቸው" ብለው ሊያፌዙ ቃጣቸው። ስልካቸውን ሊያወጡ ሲሉ መምህሯ እጃቸውን ያዘች። "ይታገሡ። ዓይንዎ ገና በር እየከፈተ ነው።" ጠበቁ። ቀስ በቀስ፣ ከአንዱ ኮከብ ጎን ሌላ፣ ከሌላው ጀርባ ደግሞ ሌላ፣ ልክ ድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ኬሚካል ውስጥ ሲገባ ፊት ብቅ እንደሚለው፣ ሰማዩ ታጠበ። 

"እነዚያ ሦስት የተሰለፉት ይታዩዎታል?" አለች።

"ይታዩኛል። ከበላያቸው ያለችው ቀላ ትላለች። ከታች ያለው ደግሞ ሰማያዊ ነው።"

መምህሯ ዞር ብላ አየቻቸው። "ጋሼ፣ እኔ ይሄን ለማየት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።"

"ሠላሳ ዓመት የሰው ቆዳ ቀለም ሳስተካክል ኖሬ ቀይና ሰማያዊ ልሳት? ለምንድነው የተለያዩት?"

"በሙቀት ነው። ቀይዋ ቀዝቀዝ ያለች ናት፣ ሰማያዊው ይበልጥ የጋለ ነው። ብረት ሲግል መጀመሪያ እንደሚቀላው።"

አሁን ተራው የካሜራው ሆነ። ጋሽ አጥራው ከልማድ የካሜራውን ፍላሽ መብራት ሊገጥሙ ሲሉ ሁለቱም ሳቁ። መምህሯ እያስረዳች እሳቸው እያስተካከሉ ሥራው ተጀመረ። አውቶ ፎከስ ይጥፋ፣ ጨለማ ውስጥ ይዋልላልና። ደማቋን ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ፣ የመርፌ ጫፍ እስክትሆን በእጅ ማዞር። ብርሃን በብዛት እንዲገባ ሌንሱን በደንብ መክፈት፣ ካሜራው ደካማ ብርሃን እንዲይዝ አይኤስኦውን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ማድረግ፣ ሹተሩን ደግሞ ስምንት ሰከንድ ክፍት መተው።

"ለምን ሠላሳ አይሆንም? ብርሃን አይበዛልንም?"

"በዚህ ሌንስ ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ምድር እየዞረች ነዋ። እኛም እየዞርን ነው፣ አሁን፣ ከነብርድ ልብሳችን።"

ጋሽ አጥራው ጣራውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ፣ ለማረጋገጥ ይመስል። ከዚያ ቦርሳቸውን ነፋስ እንዳያወዛውዘው ትራይፖዱ መሃል ላይ አንጠለጠሉ። ይሄን መምህሯም አታውቀውም ነበር። ጣት እንዳይነቀንቀው ሰዓት ቆጣሪውን ሁለት ሰከንድ ላይ ሞሉና ለሙሽሮች በሚሉት ድምፅ "እንዳትተነፍሺ" አሏት።

ስክሪኑ ላይ የወጣውን ሲያዩ ዓይናቸው ሙያውን አልረሳም። ከሦስቱ ኮከቦች በታች አንዲት የደበዘዘች ሮዝ እድፍ አለች። ጣታቸው ወደ እሷ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

"ይቺስ? አቧራ ናት እንዳልል ፈራሁ።"

"ይቺኛዋስ እውነትም ጋዝና አቧራ ናት" አለች መምህሯ። "ግን ኮከብ የሚወለደው እሷ ውስጥ ነው።"

ሐሙስ ጠዋት ፎቶው አንዲት ነጥብ ሳይጎድልበት ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በስንት ብር ዕቃ እንደተነሳ ሲጠየቁ ጋሽ አጥራው ራሳቸው ገብተው "በጉርድ ማንሻ" ብለው መለሱ። ክበቡ ተፈቀደ። ቦታው የፎቶ ቤቱ ጣራ ሆነ፣ ምሽቱ ማክሰኞ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ደግሞ ጋሽ አጥራው መንገዱን ተሻግረው መድኃኒት ቤት ገቡ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ናት።

"ጋሼ፣ በሕይወት አሉ? ትናንት መብራትዎ ሲጠፋ ለቀብር ልብስ እየፈለግሁ ነበር።"

"ደግ አደረግሽ፣ ለሌላ ቀን ይሆንሻል። እህቴ፣ ስለ መብራትሽ ነው የመጣሁት።"

መብራቷ ጣራቸው ላይ ለሚሰበሰቡት ልጆች ሰማዩን እንደሚጋርድባቸው ነገሯት። እሷም ያለችውን አለች። ፎቶ ቤት ቢጨልም ሙሽራ ያኮርፋል፣ መድኃኒት ቤት ቢጨልም ግን በሽተኛ ሜዳ ላይ ይቀራል። እውነቷን ነው፣ ጋሽ አጥራውም እውነት እንደሆነ ተቀበሉ።

"አጥፊው አላልኩም። አሁን መብራትሽ ግማሹን የሚያበራው ለሰማይ ነው፣ ሰማይ ደግሞ መድኃኒት አይገዛም። ላዩን በቆርቆሮ ብትሸፍኚው ብርሃኑ ደጃፍሽ ላይ ይወርዳል፣ በሽተኛሽም ደረጃውን አይስትም። ሾፌር ዓይኑ አይጨልምበትም። ከላይ ያሉት ተከራዮች መጋረጃ ሳያነባብሩ ይተኛሉ። ልጆቹ ደግሞ አንድ ሳንቲም ሳያወጡ፣ በገዛ ዓይናቸው፣ መታገሥን ይማራሉ። እኔ በስልሳ ዓመቴ ነው የተማርኩት፤ ነውር የለውም፣ ግን ረፍዷል። ያላየሁትን ነገር ቆሻሻ ነው ብዬ ስጠርግ ነው የኖርኩት።"

"እና ምን ይታያል ለመሆኑ?"

"ውጪና እይ።"

ወጣች። ደጃፉ ላይ ቀና ስትል የራሷ መብራት ዓይኗ ውስጥ ገባና ጨፈነች። ጋሽ አጥራው መዳፋቸውን ዘርግተው በዓይኗና በመብራቱ መሃል ያዙላት። ክንዳቸው እስኪዝል ቆሙ። ትንሽ ቆይታ ሦስት የተሰለፉ አየች። ከዚያ ከበላያቸው አንዲት ቀላ ያለች።

"ቆርቆሮው ምን ያህል ይሁን?" አለች፣ ዓይኗን ሳታወርድ።

"ይቺን የምታክል" አሉ ጋሽ አጥራው፣ መዳፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ።