አያ ሀሚዱ እና የህንዷ የቲም

ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ እሑድ ረፋድ፣ አያ ሀሚዱ ውጫሌ መናኸሪያ ውስጥ ወደ ሐይቅ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፍረው ሰው እስኪሞላ ይጠብቁ ነበር። ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጠው ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። የመጡበት ጉዳይ ተቃንቶላቸዋል፤ ፊታቸው ግን ጉዳዩ የተቃናለት ሰው ፊት አይመስልም።

«አያ! አንቱ ነዎት እንዴ?»

ቀና ሲሉ የሟች እህታቸው ልጅ ሀውራ ናት። ኩዌት ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ሲሆን፣ ለሁለት ወር ዕረፍት መጥታ ሐይቅ ከተማ ታላቅ እህቷ ቤት ሰንብታለች። የዚያን ዕለት ውጫሌ የወጣችው ጓደኛዋ ለእናቷ የላከችውን ልብስ ለማድረስ ነበር። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አስነሷትና ከጎናቸው አስቀመጧት።

«አላህ ነው ያገናኘን። እኔም ነገ ልፈልግሽ ነበር» አሏት።

«በኸይር ነው አያ?»

«በኸይር ነው። ረጋ ብለን እናወራለን።»

ወሬው ሳይጀመር የሀውራ ስልክ ጮኸ። በስልኩ ላይ አንዲት ጠይም፣ ጠጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነች ልጅ ብቅ አለች። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ተንጣጣች፤ ሀውራም እየተሰባበረባት መለሰችላት። ልጅቷ ሦስት ጣቷን አውጥታ አሳየቻትና ሳቀች፤ ሀውራ ደግሞ ስትስቅ ቆይታ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች።

«ማናት ይቺ?» አሉ አያ ሀሚዱ ስልኩ ሲዘጋ።

«ካቪታ ትባላለች። የህንድ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። ‹ከክፍሌ ሦስተኛ ወጣሁ› እያለችኝ ነው። ኩዌት አብረን የምንሠራ አምስት ሴቶች ነን ገንዘብ እያዋጣን የምናስተምራት።»

አያ ሀሚዱ ዘንጋቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «የህንድ ልጅ?»

«አዎ አያ።»

«የኛ ቤት ልጅ አልታየችሽም?»

ነገሩን የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። ሀውራ አንገቷን ደፋች። የኛ ቤት ልጅ ያሏት ሂዳያን ነው። ሂዳያ የልጃቸው የጠሃ ልጅ ናት። ጠሃ በመኪና አደጋ ሲሞት፣ እናቷም ሌላ አግብታ መርሳ ስትወርድ፣ አያ ሀሚዱ ከሰባት ዓመቷ ጀምረው አሳድገዋታል። እርጅና ወገባቸውን ከያዘው ወዲህ በሐይቁ ዳር ያለችውን የሽንኩርት መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው፣ በሚደርሳቸው እየተብቃቁ ይኖራሉ።

«አያ፣ በደወልኩ ቁጥር ሂዳያ ምን ጎደላት እያልኩ እጠይቅዎት ነበር። ‹አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለባትም› ነው የሚሉኝ። አላሉኝም?»

ብለዋል። እውነት ነው። አያ ሀሚዱ ለእህታቸው ልጅ እጅ መዘርጋት ሞት መስሎ ይታያቸው ነበር። ከኮታቸው ኪስ አራት ጉርድ ፎቶ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። በአራቱም ላይ ሂዳያ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ፣ ሳትስቅ ወደ ፊት ትመለከታለች።

«ዛሬ የመጣሁት ደላላው ዘንድ ነው። ያንቺን ፈቃድ ሰምቼ ስደውልለት ፓስፖርቱን እጨርሳለሁ ብሎኛል። ስትመለሺ ይዘሻት ሂጂልኝ። ካንቺ ጋር ከሆነች እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«ሂዳያ'ኮ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው!»

«እሱ ሃያ ሁለት አድርጎ ይጽፈዋል።»

ሚኒባሱ ሞላ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋና ጉዞ ተጀመረ። እዚህ ላይ አያ ሀሚዱን ለመኮነን መቸኮል አይገባም። ሽማግሌው ልጅቷን የሚወዷት እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው። ነገ እሳቸው ቢያልፉ ማን ላይ ትወድቃለች የሚለው ሐሳብ ነው ደላላ ቤት የወሰዳቸው። ፍቅርም መንገዱን ሲስት እንዲህ ነው የሚስተው።

«አንቺ ሄደሽ ምን ሆንሽ?» አሉ ጥቂት እንደተጓዙ። «ለእህትሽ ቤት ሠራሽ፤ እናትሽን እስክትሞት አሳከምሽ። የጎረቤታችን የሀሊማ ልጅ ሙንተሲር ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ይኸው ባጃጅ ይነዳል። ትምህርት የቱ ላይ ነው ጥቅሙ?»

«አያ፣ ትምህርት የጨረሰ ሁሉ እንጀራ ያገኛል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ሙንተሲር ባጃጁን ሲወስድ የተፈራረመውን ውል አንብቦ ነው የፈረመው። አታለው ሊጨምሩበት ሲሉ ‹ይህ የት ተጽፏል?› ብሎ ተከራከረ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ነው የሄድኩት። የፈረምኩት ወረቀት ምን እንደሚል ወላሂ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት፤ ለእህቴም ነግሬያት አላውቅም።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በሄድኩ በሦስተኛው ወር ነው። የመታጠቢያ ቤቱን እድፍ አስለቅቂ ተባልኩ። ሁለት ጠርሙስ የማጽጃ ኬሚካል ነበር። አንዱ ላይ ‹ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ› የሚል ተጽፎበታል። እኔ ምኑን ላንብበው? ይበልጥ ያነጻል ብዬ ደባለቅኩት። በሩ ዝግ ነው፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም። ላክሽሚ የምትባል ህንዳዊት አብሳይ ነበረች። ስትጠራኝ ዝም ስላት በሩን በትከሻዋ ሰብራ ጎትታ አወጣችኝ። እሷ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ነው፤ ጠርሙሱን አይታ ምን እንደሆንኩ ለሐኪሙ የነገረችው እሷ ናት።»

«ሱብሐነላህ!» አሉ አያ ሀሚዱ። እጃቸው ሳያውቁት የሀውራን እጅ ያዘ።

«ከዚያ ወዲህ ሥራ ስንጨርስ ወጥ ቤት ቁጭ አድርጋ የእንግሊዝኛ ፊደል ታስቆጥረኝ ጀመር። ደብተሬ የሳሙናና የዘይት ዕቃ ላይ ያለው ጽሕፈት ነበር። ለምን እንደመጣች ስጠይቃት ‹ልጄ እኔን ተከትላ እንዳትመጣ ነው የመጣሁት› ነበር መልሷ። ትምህርት ቤቱ በነጻ ነው፤ ግን ደብተሩ፣ ልብሱ፣ የአውቶቡሱ አለ። ልጇ ካቪታ ካልተማረች ደግሞ ወይ ሥራ፣ ወይ ቶሎ ትዳር ነው። ከዚያ ላክሽሚ ኩላሊቷን ታመመችና አገሯ ገብታ ሞተች። አደራ አላለችኝም አያ። ማንም አላዘዘኝም። አንዲት የፊሊፒንስ ልጅ፣ ሁለት የስሪላንካ፣ አንዲት የባቲ ልጅና እኔ ተነጋገርን፤ ትምህርቷን አናስቋርጣትም አልን።»

«ሙስሊም ናት?»

«አይደለችም። ሂንዱ ናቸው።»

አያ ሀሚዱ በመስኮቱ ወደ አምባሰል ተራሮች ሲመለከቱ ቆዩ። ዳመናው ገደሉን ከወገቡ በላይ ሸፍኖታል።

«አባትስ አላት?»

«ጡብ ማቃጠያ ሲሠራ፣ ገና በልጅነቷ ሞቷል። ያለችው ከአያቷ ጋር ነው።»

«እንግዲያ የቲም ናት» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «አባትም እናትም የላት። ነቢያችንም፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ የቲም ነበሩ።»

«በሩን ስትሰብር ‹ይቺ የየት አገር ልጅ ናት?› ብላ አልጠየቀችም አያ። ሂዳያን ውሰጃት ካሉኝ እወስዳታለሁ፤ ቃልዎትን አልመልስም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ እዚያ ስትደርስ ከኔ ጋር አንድ ቤት አያስቀምጡንም። የሚደርስባትን እኔም አላውቅ፣ አንቱም አያውቁ።»

ሐይቅ ደርሰው ሲለያዩ አያ ሀሚዱ ፎቶዎቹን ተቀብለው ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ወደ ደላላው ግን አልደወሉም።

ቤት ሲገቡ ሂዳያ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ የሽንኩርት ራስ ከቅጠሉ ትለይ ነበር። አያ ሀሚዱ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቃትን ጠየቋት።

«ሂዳያ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? መሄዱን ትፈልጊዋለሽ?»

«እሄዳለሁ አባባ።»

«ትፈልጊዋለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ልጅቷ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ወገብዎን ይዘው ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ሐኪም ቤት ልወስድዎት እፈልጋለሁ። ደብተሬንና መጽሐፌን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቻለሁ። አይዞዎት፣ እኔ አላለቅስም።» ይህን እያለች ግን እያለቀሰች ነበር።

አያ ሀሚዱ ደነገጡ። እሳቸው ለሷ ብለው፣ እሷም ለሳቸው ብላ፣ ሁለቱም የማይፈልጉት ነገር ውስጥ ሊገቡ ነበር። ያኔ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሲከራከሩ የመጡት ሽማግሌ ተገልብጠው የትምህርት ጠበቃ ሆኑ።

«ስሚኝ ልጄ። ለወገቤ ዘንግ አለኝ። አንቺን የሰው አገር ሰው የማታውቂው ወረቀት ላይ አስፈርሞሽ እኔ ብድን ምን ይረባኛል? ሀውራ ዛሬ የነገረችኝን ብታውቂ! አንዲት የህንድ ሴት፣ እስከ ስምንተኛ ብቻ የተማረች፣ ነፍስ አተረፈች። አንቺ ስምንተኛን ጨርሰሻል፤ የክልሉንም ፈተና አልፈሻል። ዘጠነኛ ትገቢያለሽ።»

«በምን አባባ?»

«እሱን ለኔ ተዪው። እስከ ዛሬ አፌ ከብዶኝ ነው እንጂ ሰው መች አጣን?»

በማግስቱ ሁለቱም ሀውራ ዘንድ ሄዱ። አያ ሀሚዱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘመድ «ቸግሮኛል፣ አግዢኝ» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው እስኪወጣ ያላባቸው ነገር፣ ከወጣ በኋላ ያን ያህል አልከበደም። ሀውራ ሂዳያን አቅፋ፣ «ደብተሩም ልብሱም በኔ ነው፤ እስክትጨርስ ድረስ» አለች።

አያ ሀሚዱ ለመሄድ ከተነሱ በኋላ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንድ ነገር አደራ ልበልሽ ሀውራ። ለሂዳያ ብለሽ ከዚያች ከህንዷ ልጅ እንዳትቀንሺ። የሷም አያት እንደኔው ወገቧን ይዛ የምትነሳ አሮጊት ትሆናለች።»

መስከረም ገብቶ ትምህርት ሲከፈት የሂዳያ የክፍል ኃላፊ መምህር ሙሉጌታ ወላጆችን ለስብሰባ ጠሩ። ከወላጆቹ አንዷ ባንቺአየሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ቤቷ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ነው። ተነሥታ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልጄ በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትገባለች። ቤት ለመከራየትም አቅም የለኝ፤ ስለዚህ አስወጣታለሁ» ብላ ተቀመጠች።

አያ ሀሚዱ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም» አሉ። «የልጄን ልጅ ለደላላ ልሰጥ ፎቶዋን ኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ። ያስቆመችኝ አንዲት አይቻት የማላውቅ የህንድ ልጅ ናት፤ አምስት በሰው አገር የሚሠሩ ሴቶች ከደመወዛቸው ላይ ቆርጠው የሚያስተምሯት። እነሱ ባሕር ተሻግረው ለማያውቋት ልጅ ከደረሱ፣ እኔ ከአርዲቦ ለመጣች ልጅ የመኝታ መደብ ብነፍግ አላህ ምን ይለኛል? የተማረች ልጅ መድኃኒቱን አንብባ ትሰጠናለች፤ የመንግሥት ወረቀት ሲመጣ አንታለልም። ሥራ ብታገኝ እሰየው። ባታገኝ እንኳ ልጇን ራሷ ታስጠናለች፤ ያለ ዕድሜዋ የሚድራትም ሆነ የሚሸጣት ደፍሮ አይመጣም። ባንቺአየሁ፣ ቤቴ ከዚህ ቅርብ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጅሽ ከሂዳያ ጋር ትደር። በክርስቲያን ጾም የምትበላውን ሂዳያ ታውቃለች፤ አትስጊ።»

ባንቺአየሁ መጥታ እጃቸውን ልትስም ስትል እሳቸው ቀድመው ትከሻዋን ሳሙ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት ደግሞ «እኔም አንድ መኝታ አለኝ» ብሎ እጁን አወጣ፤ ሌላዋም ቀጠለች። በዚያ ስብሰባ ትምህርት ሊያቋርጡ የነበሩ አራት ልጆች ማደሪያ አገኙ።

አሁን ከአሥር ሰዓት በኋላ በአያ ሀሚዱ ግቢ ያለፈ ሰው ሁለት ልጆች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ሲያጠኑ ይሰማል። ሽማግሌው አጠገባቸው ተቀምጠው ሽንኩርት ይለያሉ። ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ቀና ይላሉ።

«ጮክ አድርጋችሁ አንብቡ» ይላሉ።

«እንግሊዝኛ ነው'ኮ አባባ፣ አይገባዎትም» ትላለች ሂዳያ።

«አይገባኝም» ይላሉ አያ ሀሚዱ። «ቢሆንም አንብቡ።»