ከሐሙስ እስከ ሐሙስ

የሰው ጭቅጭቅ ቆሞ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን አስተምሬአለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን እኔው ራሴ ቆሜ አዳመጥኩ፤ አልጸጸትም። የእህቴን የኩላሊት ምስል ውጤት ልቀበል ወደ ሆስፒታል ሄጄ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከድሮ ጎረቤቴ ጋር ተገናኘን። የሆስፒታሉን የኮምፒውተር ክፍል ለሃያ ዓመት የጠበቁ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ “ጋሼ ቁልፍ” ይላቸዋል። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ቆማለች። ኢንጂነር ናት፤ ፊቷ ቀልቷል።

“መምህር፣ እንኳን መጡ። እስቲ ይፍረዱን” አሉና ወደ ክፍላቸው ይዘውኝ ገቡ።

ክፍሉ ይበርዳል። ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል፤ የሕመምተኛው ሁሉ ምስልና የምርመራ ውጤት የሚቀመጥበት የዲስክ ሣጥን ነው። ከጀርባው ኬብል የሚሰካባቸው ፖርቶች ተደርድረዋል። ባዶዎቹ ላይ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎ የጋሼ ቁልፍ ፊርማ አርፎበታል።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አልኳቸው።

“አንዱ ጎበዝ ባገኘው ፖርት ኬብል ሰክቶ ሆስፒታሉን ግማሽ ቀን አቆመው። ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ ፈቃድ አይከፈትም።”

“እባብ ያየ በልጥ በረየ” አለች ልጅቱ። “መምህር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ ባለው ሁለተኛው ሆስፒታላችን ልክ እንደዚህ ያለ ሣጥን አለ። ሁለቱን ካገናኘናቸው እዚህ የተጻፈው ወዲያው እዚያም ይጻፋል። አጎቴ ግን ፖርት አልከፍትም ብለው ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቆሙኝ። ዛሬ ካልፈቀዱ በማዶው ሣጥን የተያዘልን ቦታ ለሌላ ሥራ ይሰጣል።”

“ቅጂ መቼ ጠፋ? በየሐሙሱ በቴፕ ቀድቼ፣ በቦርሳ ይዤ፣ ራሴ ማዶ አደርሳለሁ። ታምሜ እንኳ አልቀረሁም።”

“ዛሬ ማክሰኞ ነው። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ የገባው የት ነው ያለው?”

“እዚሁ ነዋ።”

“እዚሁ ብቻ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ አጎቴ።”

ደነገጥኩ። እህቴ ምስሉን የተነሣችው በዋዜማው፣ ሰኞ ነበር።

ጋሼ ቁልፍ ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ይጠይቁ ጀመር፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ተማሪዎቼ የተሻለ ጠየቁ።

“ሐኪሞቹ ምስል የሚያዩት በነዚህ ፖርቶች ነው። ያንቺ ቅጂ ሲጨመርበት መንገዱ አይጨናነቅም?”

“ለዚህ እኮ ነው የተለየ ፖርት የለመንኩዎ። ሦስተኛውና ሰባተኛው ለቅጂ ብቻ ይመደባሉ፤ ሐኪም አይደርስባቸውም። ማዶም ሦስተኛው ሦስተኛውን፣ ሰባተኛው ሰባተኛውን ይጠብቃል።”

“ሁለት ለምን አስፈለገ?”

“አንዱ ኬብል ቢቆረጥ ሌላው እንዲሸከም ነው። አንዱ በድልድዩ ያልፋል፣ ሌላው በላይኛው መንገድ ዞሮ ይሄዳል።”

“ሁለቱም ቢቆረጡስ?”

“የእዚህ ሥራ አይቆምም። ያልተላከው ተመዝግቦ ይቆይና መንገዱ ሲከፈት ይደርሳል።”

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። “እሺ፣ እኔ ተሳስቼ አንድ ፋይል ባጠፋስ?”

“እዚያም ይጠፋል” አለች ልጅቱ። “ስሕተቱንም አብሮ ይቀዳል።”

“ይሰማሉ፣ መምህር?”

“ስለዚህ የእርስዎ ቴፕ አይቀርም” ብላ ቀጠለች። “ይሄ ለእሳትና ለጎርፍ ነው፣ ቴፑ ለስሕተት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል? ወይስ ቴፑን ይጣሉ ያልኩ መስሎዎት ነበር?”

“መስሎኝ ነበር እንጂ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጉድ እኮ ነው። ሦስት ሳምንት ሲኮራረፉ አንዷ ማስረዳት፣ አንዱ መጠየቅ ቢችሉ ኖሮ ነገሩ በአንድ ጠዋት ባለቀ። ወጣቶቻችን ሽማግሌ የሚቃወመው ባለማወቁ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ሽማግሌዎቻችንም አዲስ ነገር ሁሉ እነሱን ሊያባርር የመጣ ይመስላቸዋል።

ጋሼ ቁልፍ ተነሥተው ሁለቱን ወረቀት በገዛ እጃቸው ላጡ። ልጅቱ ኬብሎቹን ሰካች፣ ኮምፒውተሩ ላይ የፖርቶቹን ቁጥር ሞላች። ማዶ ያለው ሣጥን ግን መልስ አልሰጠም። ደግማ ሞከረች፣ ኬብል ቀየረች፣ ላብ በላብ ሆነች።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አሉ አጎቷ፤ ዓይናቸው ግን ከማሽኑ አልተነሣም። ቆይተው “ማዶ ኬብሉን የሰካው ማነው?” ሲሉ ጠየቋት።

“የእዚያ ክፍል ኃላፊ፣ ይቅደሙ የሚሏቸው።”

ጋሼ ቁልፍ ሳቁ። “መምህር፣ ይሄ ሰው በር ላይ ቆሞ ‘ይቅደሙ፣ ይቅደሙ’ ሲል ስብሰባ የሚያመልጠው ሰው ነው። እንግዳ ሦስተኛ ላይ ያስቀምጣል ብለሽ ነው?” አሉና ስልክ ደወሉ።

እንዳሉትም ሆነ። “ከእናንተ የመጣ ኬብል እንግዳችን አይደል እንዴ?” አሉ አቶ ይቅደሙ በስልኩ። “አንደኛውንና ሁለተኛውን ለቀቅኩለት። ሐኪሞቹ የቤት ሰው ናቸው፣ ወደ ሦስተኛና ሰባተኛ አዛወርኳቸው።”

“ሐኪሞቹስ ምን አሉ?”

“ይሄው ምስል አልከፈት አለን እያሉ ይጮኹብኛል። ለካ በዚህ ነው።”

ሁሉም በየቦታው ሲመለስ መስመሩ ተገናኘ። ልጅቱ አጎቷን አየቻቸውና “እኔ እስከ ማታ ኬብል ስቀያይር እውል ነበር” አለች፤ ምስጋናዋ ከልብ ነበር።

የመጀመሪያው ቅጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደ። እኔም አልሄድኩም። ሲያልቅ ጋሼ ቁልፍ ማዶ ደውለው የእህቴን መዝገብ እንዲፈልጉ ለመኑልኝ። አቶ ይቅደሙ አነበቡ፦ “የኩላሊት ምስል፣ ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሩብ።” ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከእንግዲህ ይሄ ሕንፃ ቢቃጠል የእህቴ ሐኪም ወንዙን ተሻግሮ ሥራውን ይቀጥላል፤ ማንም ታማሚ ዳግመኛ ምስል ተነሥ፣ ዳግመኛ ደምህን ስጥ አይባልም።

ሽማግሌው ግን ስልኩን እንደያዙ ቀሩ።

“አጎቴ፣ ምነው?”

“ስድስት ዓመት ሆነው” አሉ። “አንድ ረቡዕ ዲስኩ ተበላሸ። ከሐሙስ ወዲህ የገባው በሙሉ ጠፋ። አንዲት እናት የልጇን የልብ ምስል ፈልጋ ሦስት ጊዜ መጣች። ጠፋ ማለት አፈርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ‘ነገ ይምጡ’ አልኳት። ከዚያ ቀረች። ልጁ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።”

ልጅቱ እጃቸውን ያዘች።

“አሁን ብትመጣ” አሉ ጋሼ ቁልፍ፣ “‘ቁጭ ይበሉ፣ ይሄው አመጣሁልዎ’ እላት ነበር።”