ሰው የጠፋበት ለቅሶ

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የአባላዘር በሽታ አማካሪ የሆነችው የሲስተር አርየት እናት ሞተው ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ጋምቤላ ውስጥ ለቅሶ ቤት ከሰው ብዛት መቀመጫ አይገኝም፤ እዚያ ግን ከአክስቷ በቀር ማንም አልነበረም።

«የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎችስ?» አልኳት።

«ስብሰባ ላይ ነን ብለው ደወሉ፣ ሐጂ።»

«ያ ሁሉ የመከርሽው ሰውስ?»

«እኔ ጋ የታየ ሰው በሽተኛ ነው ይባላል። ገበያ ላይ እንኳ ሰላም አይሉኝም። እኔም እንዳላሳጣቸው ቀድሜ ሰላም አልልም።»

የሰው ምስጢር ከብዷት ወደ ክትባት ክፍል ቀይሩኝ ብትል፣ ኃላፊዋ «አንቺ ለምደሽዋል» ብሎ መልሷታል። አሁን ጭራሽ ሥራውን ልትለቅ ነው።

«ተይ ልጄ፣» አልኳት፤ «አንቺ ከሄድሽ ወጣቱ ጭንቀቱን ለማን ይናገራል? ወሬ እንደሆነ ሰው አይገድልም።»

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እዚያች ልጅ ቤት ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«ለቅሶ ነዋ!»

«ሌላው ሰው ለቅሶ መድረስ አያውቅም? እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ይዞሃል?»

ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ስንት ክፉና ደግ አብረን ያየን ሴት፣ መኝታዋን ለይታ ከልጅ ልጆቻችን ጋር አደረገች።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። «አርየት፣ ሥራውን ልቀቂ» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ትናንት ቆዪ ብለውኝ አልነበር?»

«ትናንትማ ያንቺን ኑሮ መች ቀመስኩትና!»