በስንዝር ያነሰው ደረጃ

ጋሽ ማስመሪያ ያን ዕለት ጠዋት ኮፒ ቤት የገቡት ሰው ሊያዋርዱ ነበር። አንድ በያጅ የሠራው የፎቅ ቤት የብረት ደረጃ ትናንት ሲቆም ከላይኛው ወለል በስንዝር አንሶ ተገኘ። እሳቸው በቤቱ ባለቤት ፊት በያጁን ሲሰድቡት «የቆረጥኩት በሰጡኝ ልክ ነው» ብሎ ተሟገታቸው። ከፕላን ላይ ለሠራተኞች ልክ ሲያወጡ ጸጉራቸው ማስመሪያ ላይ እንዳጎነበሱ የሸበተ ሰው፣ በበያጅ ሊረቱ! ስለዚህ ፕላኑን እንደገና አሳትመው፣ ለክተው፣ በያጁን ከሥራው ሊያስባርሩት ቆርጠዋል።

በሩን አልፈው ሲገቡ ማን ተቀምጣ ቢያገኙ ጥሩ ነው? የበያጁን ልጅ! የሕንፃ ንድፍ ተምራ የተመረቀች ናት፤ የሥራ ማመልከቻ ልታሳትም መጥታ ነው። ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? አባቴ እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ነው ያደረው።»

«የሰው ብረት አበላሽቶ ምን እንቅልፍ አለ?» አሉና ፍላሻቸውን ለኮፒ ቤቱ ሰው ሰጡት። «ይቺን ፕላን እንደ ሁልጊዜው አትምልኝ።»

«ለምን ያሳትሙታል ጋሼ?»

«አርክቴክቱ የሚልከው ካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም የተሠራ ፋይል ነው፤ እኔ ደግሞ ካድ የለኝም። ያለኝ የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ አሳትማለሁ፣ ወረቀቱን በማስመሪያ እለካለሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደገና እሥለዋለሁ።»

«እያንዳንዱን መስመር?» ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ፕሮግራም እኮ ፋይሉን ራሱን ያስገባዋል! ካድ መግዛት አያስፈልግም።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ! የጎረቤት ቤት በኔ ቁልፍ ይከፈታል?»

«ቤቱን ማን ክፈቱ አለ? ዕቃውን ብቻ ነው የምንቀበለው። እንሞክረው፤ ካልሆነ አባቴን አመጣዋለሁ፣ ይቅርታ ይጠይቅዎታል።»

ይቅርታ ሲባል ጋሽ ማስመሪያ ላፕቶፑን ከፈቱ። ይቅርታ ደስ የሚላቸው ነገር ነው፤ ጠያቂው ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ።

ልጅቷ ‹አስገባ› የሚለውን ነካች፣ ፋይሉን መረጠች። መስኮቱ ላይ አንዲት ነጥብ የምታህል ነገር ብቅ አለች።

«ይቺ ናት?» አሉ እየሳቁ። «ባለ ፎቁ ቤት የክብሪት ቀፎ አከለ!»

«ኧረ የኔ ጥድፊያ ነው! መለኪያውን ሳልመርጥ። አርክቴክቱ በሜትር ሥሎታል፣ ፕሮግራሙ ሚሊ ሜትር መሰለው።» አጥፍታ ሜትር ብላ ደገመችው። ቤቱ ሙሉውን ግጥም ብሎ ወጣ። «አሁንም ዝም ብለን አንመንም። በሩ ዘጠና ሴንቲ ተብሎ ተጽፏል፤ ይለኩት።»

ለኩት። ዘጠና። ሳቃቸው ቆመ።

«እንግዲህ የእርስዎን ሞዴል እላዩ ላይ እንጫነው።»

ጫነችው። ከታች በኩል ማዕዘኑ ልክ ገጠመ። ወደ ወዲያ በሄደ ቁጥር ግን ግድግዳው ሁሉ እየቀረ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ድፍን ስንዝር ጎደለ። ጋሽ ማስመሪያ ክው አሉ።

«የፈጣሪ ያለህ! ይሄ የኔ ነው?» ወደ ኮፒ ቤቱ ሰው ዞሩ። «አንተ! ያኔ እንዴት አድርገህ ነው ያተምክልኝ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ! ጠርዙ እንዳይቆረጥ ወረቀቱ ውስጥ እንዲገባ ትንሽ አሳንሼ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አምና መስኮቶቹ ጠበቡ ብለው ያባረሩት አናጺ ትዝ አላቸው። ያም ሰው «በሰጡኝ ልክ ነው የሠራሁት» ብሎ ነበር።

«ማስመሪያዎ አልዋሸም ጋሼ፤ ወረቀቱ ነው የዋሸው» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አታባብይኝ። ያመንኩት እኔ ነኝ።» ላባቸውን ጠረጉ። «ግን ሁሉም ፋይል እንዲህ ይገባል?»

«አልገባም ካለ አርክቴክቱ በሌላ የፋይል ዓይነት አስቀምጦ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ ለሱ ምንም አይደል። ሲገባ የወንበሩንና የጽሑፉን መስመር ያጥፉ፣ የቀረውን እንዳይነቃነቅ ይቆልፉት፣ ከዚያ እላዩ ላይ ግድግዳዎን ያቁሙ።»

ጥቅሙን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንዴ የተሣለ መስመር ሁለተኛ አይሣልም፣ አንዴ የተቆረጠ ብረት አይጣልም፣ ዓይንም ያርፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሠርቶ አዳሪ በሌላው ስሕተት አለመወቀሱ ነው። ‹ካፈርኩ አይመልሰኝ› የሚባለው በሽታ ጋሽ ማስመሪያን ብዙ ዘመን ይዟቸው ኖሯል፤ ያን ጠዋት ግን ለቀቃቸው። እዚያው ለባለቤቱ ደወሉ።

«ደረጃው ያጠረው በኔ ነው። የብረቱም ኪሳራ የኔ ነው። በያጁን እንዳትነካብኝ!»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለአባቴስ አይደውሉለትም?»

«እሱንማ በስልክ? ሰው ፊት ነው የሰደብኩት፣ ሰው ፊት ይቅር ይበለኝ።»

ላፕቶፑን አቅፈው ወጡ። ደጃፉ ላይ ግን ቆሙና ተመለሱ።

«ያ አምና ያባረርኩት አናጺ፣ የመስኮቱ፣ አሁን የት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ?»

ልጅቷና የኮፒ ቤቱ ሰው ተያዩ። ሁለቱም አያውቁም ነበር።